ጥንድ ቁልፍ፦ የት ይመንጭ?

ከአማኑኤል፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ሆኖ አዲስ አበባ አለዚያም ውጭ አገር ያለ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ በየቀኑ የሚገለገልበት ነገር ነው፤ ስሙን ግን «ኪ ፔር» እያልን ቀርተናል። ጥንድ ቁልፍ ብንለው ይገባናል። ከጥንዱ አንዱ ለማንም ቢሰጥ የማይጎዳው ይፋ ቁልፍ፣ ሌላው ከባለቤቱ እጅ የማይወጣው ምስጢር ቁልፍ ነው። የፊተኛውን «የሕዝብ ቁልፍ» የሚሉት አሉ፤ የሕዝብ ሲባል ግን የጋራ ንብረት ስለሚመስል እኔ «ይፋ»ን እመርጣለሁ።

ይፋ ቁልፍ እንደ ክፍት ጓጉንቸር ነው፤ ያገኘው ሁሉ ሊዘጋበት ይችላል፣ የሚከፍተው ግን ምስጢር ቁልፉ ብቻ ነው። ሐሳቡን በ1976 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጡት አሜሪካውያኑ ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን ናቸው። እኛም አገር በሕግ ገብቷል፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቶ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) የሰርተፊኬት ሰጪዎች ሁሉ የበላይ ተደርጓል። ፈራሚው በምስጢር ቁልፉ ይፈርማል፣ ተቀባዩ በይፋ ቁልፉ ያረጋግጣል።

ጥንዱን መፍጠር ቁልፍ ማመንጨት ይባላል። «ኤስኤስኤች-ኪጄን» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት ፋይሉ የት ይቀመጥ ብሎ ይጠይቃል፤ የይለፍ ሐረግ ሁለት ጊዜ ያስጽፋል (ስትጽፉ ምንም አይታይም፣ አትደንግጡ)፤ በመጨረሻም በነጥብና በምልክት የተሞላ ትንሽ ሳጥን ይስላል። ጣጣው ያለው ከዚያ በፊት ነው። ሰርቨሩ ውስጥ በርቀት ከገባችሁ በኋላ ትእዛዙን ከጻፋችሁት፣ ምስጢር ቁልፉ የተወለደው እናንተ ፊት ባለው ላፕቶፕ ሳይሆን እዚያ ማዶ ነው። መስኮቱ ያው ጥቁር መስኮት ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቅም፤ የሚነግራችሁ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው የማሽኑ ስም ብቻ ነው።

እዚያ ማዶ የተወለደ ቁልፍ ምን ይሆናል? በዚያ ማሽን ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድ አብሮ ይገለበጣል። ባለቤቱም ወደ ላፕቶፑ ሊያመጣው ሲፈልግ፣ መስመሩ ሲቆራረጥበት፣ በቴሌግራም ለራሱ ይልከዋል። ይህ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ምስጢርነቱም እዚያው ላይ ያበቃል።

ሌላም አለ። ቁልፍ የሚመነጨው ሊገመት ከማይችል ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ይህን ቁጥር ከኪቦርድ ምት፣ ከዲስክ እንቅስቃሴና ከመሳሰለው ይለቅማል፤ ገና የተነሳ ሰርቨር ግን የሚለቅመው ጥቂት ሊሆን ይችላል። የዚህ ቁጥር ምንጭ መድረቅ ምን እንደሚያመጣ በ2008 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ደቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አንድ ጥገና ምንጩን ስላደረቀው፣ ለሁለት ዓመት ገደማ በእያንዳንዱ የቁልፍ ዓይነትና መጠን ሊመነጩ የሚችሉት ቁልፎች ወደ 32,000 ብቻ ነበሩ። አጥቂ ሁሉንም አስቀድሞ አዘጋጅቶ አንድ በአንድ ይሞክራል።

ስለዚህ ጥንዱን በራሳችሁ ማሽን አመንጩ፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው «ፐብ» የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል፣ ያ ባለ አንድ መስመሩ ብቻ ይሁን። ሰርቨር ላይ አመንጭታችሁ ወደ ላፕቶፕ ያመጣችሁት ካለ ደግሞ አዲስ አውጡ፤ የአሮጌውን ይፋ ቁልፍ መስመር ካስገባችሁባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ሰርዙ፤ ቴሌግራም ላይ የቀረውንም አጥፉ።