ሕግ አውጪውና ሰላም፦ የቢቸናና የሞጣ የ1960 ዓ.ም. ትምህርት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 እንግሊዛዊው ዊልያም ራንዳል ክሬመርና ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ፓሲ የዓለም ፓርላማዎች ኅብረትን በፓሪስ ሲመሠርቱ የተነሡበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ግብርንና የጦር ወጪን የሚፈቅዱ እንደራሴዎች ከየአገሩ ተገናኝተው ቢመካከሩ፣ መንግሥታት ጠባቸውን በጦር ሳይሆን በግልግል ዳኝነት ሊጨርሱ ይችላሉ የሚል ነው። ፓሲ በ1901፣ ክሬመር በ1903 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ሐሳቡ ግን አንድ መሠረት ይፈልጋል፤ ይኸውም እንደራሴው የወከለውን ሕዝብ ቃል የሚሰማና የሚያሰማ መሆኑ ነው። ይህ መሠረት ሲጎድል ምን እንደሚከተል የምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ያስረዳል።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። የሕግ መወሰኛው አባላት ግን በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ለእንደራሴነት የሚወዳደረውም በምርጫ ወረዳው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ስለዚህ ተራው ባለርስት ገበሬ መራጭ እንጂ ተመራጭ ለመሆን ዕድሉ ጠባብ ነበር።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ዓሥራትን አስቀርቶ ግብሩን ከእርሻ በሚገኘው ገቢ ላይ አደረገ፤ ገቢውንም ገማቾች እንዲተምኑት ታዘዘ። በባለሙያ ዓይን ገቢን መገመትና መሬትን መለካት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለጎጃም ገበሬ ግን ልዩነቱ አልታየውም። በደቡብ አገር ቃላድ ከተጣለ በኋላ ብዙ መሬት ከነዋሪው እጅ ወጥቶ ባለቤቱ ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ ሰምቷል። ጎጃም በ1937 ዓ.ም. የግብር አዋጅ እንኳ ከጠላት ወረራ በፊት በነበረው ልማድ እንዲከፍል ተፈቅዶለት ነበር። ስለዚህ የገማቹን መምጣት የቃላድ መቅድም፣ የርስቱም መጥፊያ አድርጎ ቆጠረው።

በዚያው ዓመት የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ገማቾችን አናስገባም ብለው ነፍጥ አነሡ። በበላይ ዘለቀ ዘመን ጣልያንን የተዋጋ አገር ስለ ነበር ነፍጥ አዲስ ነገር አልሆነበትም። መንግሥትም ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ። በ1961 ዓ.ም. ውዝፍ ግብር ተማረ፤ የገቢ ግብሩም በጎጃም በጉልበት መፈጸሙ ቀረ። ከደም በኋላ የተገኘው ውጤት ከደም በፊት በምክር ሊገኝ የሚችል ነበር።

ጉድለቱ ሕጉ መውጣቱ ብቻ አልነበረም። በምክር ቤቱ ክርክር ባለመሬት እንደራሴዎች የራሳቸውን ጥቅም ለመከላከል ተከራክረዋል፤ ረቂቁም በእነሱ እጅ ለዝቧል። ሕጉ በየአጥቢያው ሲደርስ ግን ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ለገበሬው የማስረዳቱ ሥራ ለገማችና ለፖሊስ ተተወ። በአገሩ ልማድ ጠብ የሚያበርደው ሽማግሌ ነው፤ እንደራሴም በመንግሥትና በሕዝብ መካከል የሚቆም ሽማግሌ ሊሆን በተገባው ነበር። ምክር ቤቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ የመሬት ጥያቄም በየካቲት በወጣው አዋጅ ሲቈረጥ፣ ሁለቱም የሆኑት ያለ እንደራሴ ውይይት ነው።

በመጋቢት 2001 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት 120ኛ ጉባኤውን በአዲስ አበባ ከፈተ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ሲካሄድ ሥራው በየቀበሌው በተመረጡ ኮሚቴዎች ተመራ፤ ወሰንተኞችም በድንበሩ ላይ ቆመው መሰከሩ። አባቶቹ ገማችን በነፍጥ የመለሱት የጎጃም ገበሬ በዚህ ጊዜ ማሳውን አስመዝግቦ ደብተሩን ተቀበለ። መሬቱ ያው መሬት ነበር፤ የተለወጠው አስቀድሞ ገበሬው መጠየቁ ነው።