የጠረፍ ባሕር ወለል ቅኝት

የጠረፍ ባሕር ወለል ቅኝት በባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ከውኃው በታች ያለው መሬት ከምን እንደተሠራ፣ ምን ምን እንስሳትና አልጌዎች እንደሚኖሩበት፣ ብዛታቸው ምን ያህል እንደሆነና የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገኝ በመስክ አጥንቶ የመመዝገብ ሥራ ነው። ደኑ ያለቀበትን ተራራ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ የተፋቀ የባሕር ወለልን ግን ጠልቆ ካየው በቀር የሚያውቅለት የለም። ስለዚህ የቅኝቱ መዝገብ ለሳይንስ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ፣ ለጉዳቱም ሆነ ለማገገሙ ብቸኛው ምስክር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ መጣጥፍ ሥራው ለረጅም ጊዜ በተደራጀ መልክ በተካሄደባት በብሪታንያ ላይ ያተኩራል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአንድ ቦታ የሚኖረውን ሕይወት ከሁሉ በፊት የሚወስኑት ወለሉ የተሠራበት ነገርና የብርሃን መጠን ናቸው። ጠንካራ አለት ተጣብቀው ለሚኖሩ እንደ ስፖንጅና ለስላሳ ኮራል ላሉት እንስሳት ይመቻል። አሸዋና ጭቃ ደግሞ ቆፍረው የሚኖሩ ትሎችና የዛጎል እንስሳት ቤት ነው። ብርሃን በበቂ በሚደርስበት ጥልቀት ኬልፕ የሚባሉት ትልልቅ ቡናማ አልጌዎች አለቱን ይሸፍኑታል። ከዚያ በታች አልጌው እየሳሳ ይሄድና ቦታውን እንስሳት ይይዙታል። ይህ ድንበር በጠራ ውኃ ወደ ታች ይርቃል፣ በደፈረሰ ውኃ ወደ ላይ ይጠጋል። የሞገዱና የውኃው ፍሰት ኃይልም በዚህ ላይ ሲጨመር፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ የሚራራቁ ሁለት ቦታዎች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነዋሪዎች ሊኖሯቸው ይችላል።

የወለሉን ሕይወት በቁጥር የመለካት ሥራ መሠረት የጣለው ዴንማርካዊው ካርል ጌኦርግ ዮሐንስ ፔተርሰን (1860–1928) ነው። የዴንማርክ ባዮሎጂ ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ፔተርሰን የተነሣበት ጥያቄ ለዓሣ አስጋሪው ቅርብ ነበር፦ ለገበያ የሚፈለገው ጠፍጣፋ ዓሣ የሚበላው ምግብ በባሕሩ ወለል ላይ ምን ያህል አለ? ለዚህም ከመርከብ በገመድ ወርዶ የታወቀ ስፋት ያለው ወለል ቆርሶ የሚያወጣ መንጋጋ መሰል የብረት መሣሪያ ሠራ። የወጣው ጭቃ በወንፊት ይታጠባል፤ የቀረው እንስሳ በዓይነት ተለይቶ ይቆጠራል፣ ይመዘናል። በ1913 ባሳተመው ሥራ ፔተርሰን አንድ ዓይነት እንስሳት በአንድነት የሚገኙባቸውን አካባቢዎች ለይቶ፣ እያንዳንዱን ማኅበረሰብ ጎልተው በሚታዩት ዝርያዎች ሰየመ። ዛሬም የለስላሳ ወለል ቅኝት በመሠረቱ ይኸው ነው። መሣሪያዎቹ ተሻሽለዋል፤ ወንፊቱ አብዛኛውን ጊዜ የ1 ወይም የ0.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ነው። አድካሚው ሥራ ግን አሁንም በቤተ ሙከራ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ትልን ከትል መለየቱ ነው።

ሰፊ ቦታ ለመሸፈን ድምፅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመርከብ የተላከው ድምፅ ወለሉን ነክቶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል፤ የሚመለሰው ድምፅ ጥንካሬ ደግሞ ወለሉ አለት ይሁን ጭቃ ፍንጭ ይሰጣል። ባለ ብዙ ጨረር ሶናር መርከቡ ባለፈበት መስመር ግራና ቀኝ ሰፊ ንጣፍ በአንድ ጊዜ ይለካል። ነገር ግን ሶናር የሚሰጠው የመሬቱን መልክ እንጂ የነዋሪዎቹን ስም አይደለም። ካርታው ላይ የታየው ልዩነት ምን እንደሆነ ለማወቅ በተመረጡ ቦታዎች ካሜራ ይወርዳል፣ ናሙና ይወጣል፣ ወይም ሰው ይጠልቃል። ይህ ማረጋገጫ የሌለው ባለ ቀለም ካርታ ከግምት አይሻልም።

ጠላቂው ቃኚ የሚሠራው በጠባብ ጊዜ ነው። የባሕር ሙላትና ጉድለት ኃይለኛ በሆነበት ጠረፍ መጥለቅ የሚቻለው ፍሰቱ ጋብ በሚልባቸው ደቂቃዎች ነው፤ አየሩም የሚበቃው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ቀይ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ስለሚጠፋ መብራት ያልያዘ ጠላቂ ደማቅ ቀይ ስፖንጅን ግራጫ አድርጎ ያየዋል። ማስታወሻው ውኃ በማያበላሸው ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። እንስሳትን አንድ በአንድ መቁጠር በማይቻልበት ጊዜ የብሪታንያ ቃኚዎች ከ«እጅግ ብዙ» እስከ «ብርቅ» ስድስት ደረጃዎች ባሉት መለኪያ ይጠቀማሉ። የዓይነቱ ስም ብቻ ቢጻፍ ጥቂት ሆኖ የቀረውንና ወለሉን የሸፈነውን መለየት አይቻልም። ጥልቀቱም እንደተነበበ አይወሰድም፤ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በብሪስቶል ቻናል ከ12 ሜትር በላይ ስለሚደርስ፣ ንባቡ በሰዓቱ የነበረው የውኃ ከፍታ ተቀንሶለት የባሕር ካርታው ከሚነሣበት ዝቅተኛ ልክ ጋር ይስተካከላል። ይህ ካልተደረገ በጠዋትና በከሰዓት በኋላ የተመዘገበ አንድ አለት ሁለት ቦታ ሊመስል ይችላል።

በብሪታንያ ጠረፍ የተበታተነውን እውቀት በአንድ ሥርዓት ያሰባሰበው በ1987 የተጀመረውና በ1998 የተጠናቀቀው የባሕር ተፈጥሮ ጥበቃ ግምገማ ነው፤ ሥራውን ለረጅም ጊዜ የመራው የባሕር ባዮሎጂ ባለሙያው ኪት ሂስኮክ ነበር። ከግምገማው የወጣው ትልቁ ውጤት መኖሪያውን ከነዋሪዎቹ ጋር አንድ አድርጎ የሚሰይም የምደባ ሥርዓት ነው። በዚህም በስኮትላንድ የሠራ ቃኚና በኮርንዎል የሠራ ቃኚ አንድን ነገር በአንድ ስም ሊጠሩት ቻሉ።

ከባለሙያዎቹ ጎን ፈቃደኛ ጠላቂዎች አሉ። በ1980ዎቹ የተጀመረውና ማሪን ኮንሰርቬሽን ሶሳይቲ የተባለው ድርጅት የሚያስተባብረው ሲሰርች የተባለው መርሐ ግብር ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎችን አሠልጥኖ ያዩትን በወጥ ቅጽ እንዲሞሉ ያደርጋል። የተሞላው ቅጽ ተመርምሮ ለሁሉም ክፍት በሆነ ብሔራዊ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባል። የፈቃደኛ መረጃ አይታመንም የሚል ሐሳብ ይሰማል፤ ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መልስ በምዕራብ ስኮትላንድ ሎክ ካሮን በተባለው የባሕር ሰርጥ የሆነው ነው።

በሎክ ካሮን ወለል ላይ ፍሌም ሼል የተባለ፣ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያህል የማይበልጥ፣ በዛጎሉ ጠርዝ ብርቱካናማ ክር መሰል መዳሰሻዎች ያሉት ባለ ሁለት ክዳን እንስሳ ይኖራል። ከሰውነቱ በሚያወጣው ክር ጠጠርና ስባሪ ዛጎል አያይዞ ጎጆ ይሠራል፤ ጎጆዎቹ ሲጋጠሙ ወለሉን የሚያረጋ፣ ለመቶዎች ሌሎች ዝርያዎች መጠለያ የሚሆን ንጣፍ ይፈጠራል። በሚያዝያ 2017 ስካሎፕ የተባለውን የዛጎል እንስሳ ለመሰብሰብ ጥርስ ያለው ብረት በወለሉ ላይ የሚጎትት ጀልባ በዚህ ንጣፍ ላይ አለፈ። ቦታው በወቅቱ ጥበቃ ስላልነበረው ድርጊቱ ክልክል አልነበረም። የአካባቢው ጠላቂዎች ወርደው የተገነጠለውን ንጣፍና የተሰባበረውን ዛጎል ቀረጹ። የስኮትላንድ መንግሥት በቀጣዩ ወር ቦታውን በአስቸኳይ የተጠበቀ የባሕር ክልል አደረገው። ከዚያ የተካሄደው ዝርዝር ቅኝት 185 ሄክታር የሚሸፍንና ከ250 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንደሚኖሩበት የተገመተ ንጣፍ አገኘ። እስከዚያ ጊዜ በዓለም ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። ጥበቃው በ2019 ቋሚ ሆነ። ይህን ያህል ሀብት ከመንደር ፊት ለፊት ተኝቶ መጠኑ ሳይታወቅ መኖሩ የቅኝቱ ሥራ ምን ያህል እንደሚቀረው ያሳያል።

ቅኝት ማገገምንም ይለካል። በደቡብ እንግሊዝ በላይም ቤይ 206 ካሬ ኪሎ ሜትር ባሕር በ2008 በወለሉ ላይ ለሚጎተቱ መሣሪያዎች ተዘጋ። የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚያ ዓመት ጀምሮ ወለሉን ሳይነካ ከላዩ የሚንሳፈፍ ካሜራ እየጎተቱ፣ የተዘጋውን ቦታ ክፍት ከቀረው ጋር ሲያነጻጽሩ ቆይተዋል። በተዘጋው ክልል ስካሎፕና ሮዝ የባሕር ማራገቢያ የተባለው ኮራል ጨምረዋል። ይህ ኮራል በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ የአንድና የሁለት ዓመት ጥናት ስለ እርሱ ምንም አይናገርም።

በኮራል ሪፍ ላይ ዘዴው ይለያል። እስራኤላዊው ዮሲ ሎያ በ1972 ስለ ቀይ ባሕሯ ኤላት ባሳተመው ጥናት በሪፉ ላይ የተዘረጋ መለኪያ ገመድ ተጠቅሞ ከሥሩ የሚውለውን እያንዳንዱን ኮራል ለካ፤ ዘዴው በኋላ በብዙ አገሮች ተሠራበት። በዚሁ በቀይ ባሕር፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ፣ የእስራኤል ሳይንቲስቶች በ1962 እና በ1965 በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ናሙና ሰብስበዋል። ያኔ የተያዙት ዓሦች በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የደቡብ ቀይ ባሕርን ዝርያዎች የሚመድቡ ተመራማሪዎችም ይጠቅሷቸዋል።