በአካባቢ ዲዛይን ለዶክትሬት ዲግሪ ማመልከት

በአካባቢ ዲዛይን ለዶክትሬት ዲግሪ ማመልከት ማለት ሰው የሚሠራውንና የሚኖርበትን አካባቢ፣ ማለትም ሕንፃን፣ ሰፈርን፣ ከተማንና መልክዓ ምድርን በሚመለከት ምርምር ለማካሄድ በዩኒቨርሲቲ ቦታ የመጠየቅ ሂደት ነው። በዶክትሬት ደረጃ አመልካቹ የሚመዘነው በትምህርት ውጤቱ ብቻ አይደለም። ሊመረምረው ያሰበው ጥያቄና ጥያቄውን ሊመራ የሚችል መምህር በዩኒቨርሲቲው መኖሩም ይታያል። ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት ያለው አመልካች ተስማሚ አማካሪ ባለመኖሩ ብቻ ላያልፍ ይችላል።

የትምህርቱ ዘርፍ

የአካባቢ ዲዛይን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ቢቀራረብም አንድ አይደለም። አርክቴክቸርን፣ የከተማ ፕላንንና የመልክዓ ምድር አርክቴክቸርን በአንድነት ያቅፋል። ይህን አንድነት በስሙ ከያዙት ተቋማት መካከል በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአካባቢ ዲዛይን ኮሌጅ ይጠቀሳል። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1959 በአርክቴክቱ ዊልያም ወርስተር መሪነት የተመሠረተ ሲሆን፣ ሦስቱን ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። ይሁን እንጂ የዶክትሬት አመልካች ለኮሌጁ በጥቅሉ አያመለክትም። ከአርክቴክቸር፣ ከከተማና ክልል ፕላን፣ ወይም ከመልክዓ ምድር አርክቴክቸርና የአካባቢ ፕላን አንዱን ይመርጣል።

በኢትዮጵያ ለዘርፉ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆኖ ይሠራል።

ከሌላ የትምህርት መስክ የመጡ ሰዎችም ዘርፉን ይቀላቀላሉ። በበርክሊ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ክሪስቶፈር አሌክሳንደር በካምብሪጅ ሒሳብ ተምሮ በሃርቫርድ በአርክቴክቸር ዶክትሬቱን አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ስለ ዲዛይን ቅጦች የሚናገር መጽሐፍ በኋላ በሶፍትዌር ንድፍ ላይም ተጽዕኖ አሳድሯል።

የምርምር ጥያቄና አማካሪ

የማመልከቻው ልብ የዓላማ መግለጫው ነው። መግለጫው የሕይወት ታሪክ ሳይሆን የምርምር ሐሳብ ነው። ለምሳሌ «የአዲስ አበባን የቤት ችግር ማጥናት እፈልጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ርእስ ይጠቁማል እንጂ ጥያቄ አይሆንም። «በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ስፋት በቤቶቹ ውስጥ ያለውን ሙቀት እንዴት ይለውጣል?» የሚለው ግን ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። በመሣሪያ ልኬት፣ በኮምፒውተር ሞዴልና በነዋሪዎች ቃለ መጠይቅ ሊጠና ይችላል።

አመልካቹ ጥያቄውን ከያዘ በኋላ በርእሱ ላይ የጻፉ መምህራንን ሥራ ያነባል። ከዚያም ለተመረጡ ጥቂት መምህራን አጭር ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ የመምህሩን አንድ የተወሰነ ሥራ ከአመልካቹ ጥያቄ ጋር ቢያገናኝና አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ቢጠይቅ ይበቃል። ለብዙ መምህራን የሚላክ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም።

የሚጠየቁ ሰነዶች

ዝርዝሩ እንደየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም የሚከተሉት የተለመዱ ናቸው፦

• ትራንስክሪፕት፤ በበርክሊ ዝቅተኛው መመዘኛ አማካይ ውጤት 3.0 ነው።
• የዓላማ መግለጫ።
• ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች፤ የአመልካቹን የምርምር ችሎታ በቅርብ ከሚያውቅ መምህር የተጻፈ ደብዳቤ ከባለ ትልቅ ሥልጣን አጭር ምስክርነት ይልቅ ክብደት አለው።
• የጽሑፍ ናሙና ወይም የዲዛይን ሥራዎች ስብስብ (ፖርትፎሊዮ)።
• የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፤ የቶፍልና የአይኤልትስ ውጤት በተለምዶ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። በእንግሊዝኛ የተማረን አመልካች ከፈተናው ነፃ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ።

የገንዘብ ድጋፍ

በአሜሪካ ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎች የትምህርት ክፍያና የመኖሪያ አበል የሚያገኙት ረዳት መምህር ወይም ረዳት ተመራማሪ ሆነው በመሥራት ነው። በስዊድንና በኔዘርላንድ ደግሞ የዶክትሬት ቦታ ብዙውን ጊዜ ደመወዝ ያለው ሥራ በመሆኑ እንደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይወጣበታል። የመቀበያ ደብዳቤ ማግኘትና የገንዘብ ድጋፍ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ደብዳቤው ድጋፉ ለስንት ዓመት እንደሆነ መግለጹን ማየት ያስፈልጋል።

የጊዜ ሰሌዳ

በአሜሪካ በመኸር ለሚጀምር ትምህርት ማመልከቻ በአብዛኛው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ይዘጋል። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ስምምነት መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15 (ሚያዝያ 7) መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ይህም ሌሎች ውጤቶችን ጠብቆ ለማነጻጸር ጊዜ ይሰጠዋል።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ

ቀን፦ ቅጾች የሚሞሉት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ የተመረቀ ሰው 2023 ብሎ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ቅጹና የውጭውን አቆጣጠር የያዘው ሰነድ ይጋጫሉ።

ሰዓት፦ በካሊፎርኒያ በክረምታቸው ከእኩለ ሌሊት በፊት በ11፡59 የሚዘጋ ማመልከቻ፣ በአዲስ አበባ በማግስቱ ጠዋት 4፡59 ላይ ይዘጋል።

ስም፦ ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መከተል ይገባል። ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤትና ፓስፖርት በተለያየ የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ ከወጡ ሰነዶቹን ማገናኘት ይዘገያል።

ክፍያና ሰነድ፦ የማመልከቻ ክፍያ ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ይከፈላል። ካርድ የሌለው ወይም መክፈል የማይችል አመልካች ከክፍያ ነፃ የሚሆንበት መንገድ መኖሩን ከማብቂያው ቀን አስቀድሞ ክፍሉን መጠየቅ ይችላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከመውጣቱ በፊት የወጪ መጋራት ክፍያውን እንዲያጠናቅቅ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ይህን ሥራ ከብዙ ወራት በፊት መጀመር ይመከራል።