የፋው አቧራና የደላንታ ድንጋይ
ስለ ብርሃን መበተን ታሪክ

ከገዳሪፍ ወደ ዋድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ፋው በ1977ቱ ድርቅ ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖቻችን የተጠለሉባት የራሃድ ሜዳ ከተማ ናት። ከደጋ ወርዶ ወደዚያ የሄደ ሰው ቶሎ ከሚያስተውላቸው ነገሮች አንዱ የሰማዩ መልክ ነው። በሰሜን ተራሮች ጥልቅ ሰማያዊ የሆነው ሰማይ እዚያ ነጣ ይላል፤ ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ቀኑን ያጨልመዋል። በክፍል ውስጥ «ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ «በአየር ውስጥ ባለው አቧራ ምክንያት» የሚል መልስ ዛሬም ይሰማል። መልሱ እውነት ቢሆን ኖሮ ከፋው የበለጠ ሰማያዊ ሰማይ ያለው ስፍራ ባልተገኘ ነበር።

ስሕተቱ ግን የመምህራን ስንፍና ያመጣው አይደለም፤ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል ኪንዲ የሰማዩን ቀለም በብርሃን የተነኩ የአቧራና የእንፋሎት ቅንጣቶች ያስገኙታል ብሎ ጽፏል። በ1869 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናትም እንዲሁ) እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ጆን ቲንዳል በመስተዋት ቱቦ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን አንሳፎ ብርሃን ቢለቅባቸው ሰማያዊ ጭላንጭል አየ። በ1871 ሎርድ ሬሊ ነገሩን በስሌት አጸናው። ቅንጣቱ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት እጅግ ካነሰ፣ የሚበተነው ብርሃን መጠን ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ስለዚህ 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን 700 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ስድስት እጥፍ ያህል ይበተናል። (ይህ በፕሪዝም ከምናሳየው የቀለማት መለያየት ጋር መምታታት የለበትም።) ቅንጣቶቹስ እነማን ናቸው? ሬሊ ቁርጡን የተናገረው ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1899 ነበር፤ የአየሩ ሞለኪውሎች ራሳቸው ይበቃሉ፣ አቧራ አያስፈልግም አለ። ይህን ዓመት ከቀመሩ ይልቅ ለተማሪዎቻችን ብንነግር እንመርጣለን፤ አንድ ሊቅ ትክክለኛ ስሌት በእጁ ይዞ ሳለ የነገሩን ባለቤት ለመለየት ምን ያህል እንደቆየ ያሳያልና።

የፋው አቧራ ጉዳይ በ1908 ተፈታ። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ የወርቅ ቅንጣቶችን ቀለም ለማስረዳት ሲል ማንኛውም መጠን ያለው ሉል ብርሃንን እንዴት እንደሚበትን አሰላ። ቅንጣቱ ከሞገዱ ሲበልጥ ቀለማቱን ሁሉ በተቀራራቢ መጠን ይበትናል፤ ደመናና ወተት የነጡት፣ አቧራማው ሰማይም የገረጣው ስለዚህ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በዘፈቀደ ስለ ተበተኑ ቅንጣቶች ነው። ቢደረደሩስ? ሬሊ በ1887 በእኩል ርቀት በተደጋገሙ ንብርብሮች ውስጥ አንዳንድ ሞገዶች ማለፍ ተስኗቸው ተመልሰው እንደሚወጡ አሳይቶ ነበር። ነገሩ ወደ ሦስቱም አቅጣጫ የተስፋፋው ግን ልክ በመቶ ዓመቱ ነው። በ1987 ኤሊ ያብሎኖቪች እና ሳጂቭ ጆን፣ አንዱ አቶሞች ብርሃን እንዳይለቁ ለመከልከል፣ ሌላው ብርሃንን በአንድ ቦታ ለማገት ሲያስቡ፣ ሳይመካከሩ ወደ አንድ ሐሳብ ደረሱ። ዛሬ ፎቶኒክ ክሪስታል የሚባለው ይህ ነው።

ተፈጥሮ ግን ከሁለቱም ቀድማለች፤ ሥራዋም በአገራችን ይገኛል። በ1994 በሰሜን ሸዋ መዘዞ የተገኘው ኦፓል ብዙው እየተሰነጠቀ ስሙን አበላሽቶ ነበር። በ2008 በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ በወገልጤና አካባቢ የወጣው ስሙን መለሰ። የኦፓልን ምስጢር በ1964 የገለጹት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የአገራቸውን ድንጋይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት እኩል መጠን ያላቸው ደቃቃ የሲሊካ ሉሎች እንደ ተከመረ ብርቱካን ተደርድረው ተገኙ። በድንጋዩ ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ቀለሙ የድርድሩ ነው። ድንጋዩን ዘንበል ስናደርገው አረንጓዴው ቀይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሆኖም ሲሊካ ብርሃንን የሚሰብረው በመጠኑ ስለሆነ ኦፓል ከሁሉም አቅጣጫ ብርሃንን አያግድም፤ ያብሎኖቪችና ጆን የፈለጉትን ሙሉ እገዳ አይሰጥም።

የደላንታው ድንጋይ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ነጭና ደብዛዛ የነበረው ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንደ መስተዋት ይጠራል፤ በቀዳዳዎቹ የነበረው አየር በውሃ ሲተካ መበተኑ ይቀንሳልና፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን በክፍል ለማሳየት ኦፓል አያስፈልግም፤ ወረቀት ላይ ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል። የሰማዩንም በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጥቂት ወተት ጠብ አድርጎ በእጅ ባትሪ ማሳየት ይቻላል፤ ከጎን ሲያዩት ሰማያዊ፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ብርቱካናማ ይመስላል።

ድንጋዩ የሚወጣው ከገደል ወገብ፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ ከተጋገረ ቀጭን ንብርብር ነው። የአካባቢው ወጣቶች በእጅ መሣሪያ ጠባብ ዋሻ እየፈለፈሉ ይገባሉ፤ በ2024 ዋሻው ተንዶባቸው ከውስጥ የቀሩ አሉ። በከተማ መስኮት የምናየው ቀለም የሚመጣው ከዚያ ጨለማ ነው።