ማንኪራ ሳይደርሱ የሳሉት ቡና



ቡና ከቤታችን አይጠፋም። ለእንግዳ ይፈላል፣ ዱዓ ሲደረግ ይፈላል፣ ለቅሶ ቤትም ይፈላል። ግን ሳይንሳዊ መጠሪያው «አረቢካ»፣ ማለትም «የዐረብ» የሆነው ለምን እንደሆነ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ይህ ቡና እኮ ዛሬም ማንም ሳይተክለው በዱር የሚበቅለው ከቦንጋ ብዙም በማይርቀው የማንኪራ ጫካና በሌሎች የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። መልሱን ለማግኘት መርከበኞችንና ሥዕሎቻቸውን እንከተል።

በዚያ ዘመን ካሜራ አልነበረም። በወረቀት መሐል ተጭኖ የደረቀ ቅጠል ቅርፁ ቢተርፍም ቀለሙ ይጠፋል። ችግኝ ደግሞ ወራት በሚፈጅ የባሕር ጉዞ በጨዋማ ነፋስና በውሃ እጥረት ይሞታል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ሥዕል ነበር። የባሕር ኃይል መኮንኖች የወደብና የባሕር ዳርቻ ካርታ ለማንሳት ሲሉ ሥዕል ይማሩ ነበር። አዲስ ተክል ሲያጋጥማቸውም ያንኑ ችሎታ ይጠቀሙበታል። አንዳንዶቹ ጉዞዎች ደግሞ ሐኪምና ሰዓሊ ይዘው ይነሡ ነበር።

በአውሮፓ መጀመሪያ የታተመው የቡና ሥዕል ግን የመርከበኛ ሥራ አይደለም። ፕሮስፔሮ አልፒኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ከቬኒስ ቆንስል ጋር ወደ ግብፅ ሄዶ ሳለ፣ ካይሮ ውስጥ በአንድ ቱርካዊ ሹም የአትክልት ቦታ ዛፉን አየ። ሥዕሉ ያለበት መጽሐፉ በ1592 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ታተመ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ መርከበኞቹ መጡ። በ1708 የተነሡ የፈረንሳይ መርከቦች አፍሪካን ዞረው የመን ሙኻ ወደብ ገቡ። የመጡት ቡና ሊገዙ ነበር። ዣን ደ ላ ሮክ የጉዞውን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች አሰባስቦ በ1716 ፓሪስ ላይ በመጽሐፍ አወጣቸው። በመጽሐፉ ውስጥ እዚያው ዐረብ ምድር፣ ተክሉ ፊት ለፊት እየታየ የተሳለ የቡና ዛፍ አለ። የአውሮፓ ሊቃውንት የሚያውቁት ቡና በዚህ በየመን በኩል የደረሳቸውን ነበር። ስለዚህ ካርል ሊኒየስ በ1753 ስም ሲያወጣለት «አረቢካ» አለው።

ካፋ በዚህ ሁሉ ጊዜ የት ነበረች? ባሕር የማይደርስባት፣ ድንበሯን በጉድባና በበር የምትጠብቅ መንግሥት ነበረች። እስከ 1897 ድረስም በራሷ ነገሥታት ትተዳደር ነበር። መርከብ ያልደረሰበት አገር ሥዕል ውስጥ አልገባም፤ ሥዕል ውስጥ ያልገባ አገር ደግሞ ከስሙ ውጭ ቀረ።

የሙስሊም ሊቃውንት ግን ነገሩን ቀድመው ጠቁመው ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቡና ሐላልነት የተነሣውን ክርክር የመዘገበው ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ፣ የየመን ሱፍዮች ለሌሊት ዚክር ቡና ይጠጡ እንደነበር ጽፏል። በሰዕደዲን ልጆች ምድር፣ በሐበሻና በጀበርቲ አገር ግን መጠጣቱ መቼ እንደተጀመረ እንደማይታወቅ አንሥቷል። ጽሑፉ ግን ሥዕል አልነበረውም።

ወደ አገራችን የዘለቁ ሰዓሊዎችም ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ሲጓዝ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው አብሮት ነበር። እንሰትን፣ ኮሶንና ዋጊኖስን የመሳሰሉ ተክሎችን በጥንቃቄ የሳለው ባሉጋኒ ነው። በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ አቀረበ። ተቅማጥ ይዞት ያዳነው ዋጊኖስም በሳይንስ ስሙ የብሩስን ስም ይዞ ቀረ።

ከ1839 እስከ 1843 ደግሞ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ቴዎፊል ሌፌቭር ሁለት ሐኪሞችና ቪኞ የተባለ ሰዓሊ ይዞ መጣ። ከሐኪሞቹ አንዱ ካርቲን-ዲሎን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ። ሁለተኛው ፔቲ ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ተክል ግን ፓሪስ ደረሰ፤ አሺል ሪሻርም በሥዕል የተደገፈ የሐበሻ ዕፀዋት መጽሐፍ አዘጋጀበት። ከእንዳሁላ ዝርያዎች አንዱ ዛሬም በፔቲ ስም ይጠራል። መንገድ ያሳዩአቸው፣ ቅጠሉን ለይተው መድኃኒትነቱን የነገሯቸው የአገራችን ሰዎች ስም ግን በአንዱም ተክል ላይ የለም።

ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ያዩትን ስለዋል፤ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ከፍለውበታል። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ያወቀ ሁሉ አይታወስም፤ የሚታወሰው የመዘገበ ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር እንጨምር። አልፒኒ በ1592ቱ መጽሐፉ ተክሉን የጠራው በሰማው ስም «ቦን» ብሎ ነው። ዐረቦች «ቡን» ይላሉ፣ እኛ «ቡና» እንላለን፣ የካፋ ሰው ደግሞ «ቡኖ» ይለዋል። ሥዕሉ ማንኪራ ባይደርስም፣ አልፒኒ የአገሬውን ስም ጠይቆ በመጻፉ ብቻ የካፋው ቃል ዘመድ ከሥዕሉ ጋር ቆየ።

ዛሬ ካሜራው በኪሳችን ነው። የካፋ ደን ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ ከተማ ያደግን ብዙዎቻችን ከአምስት ዛፍ በላይ በስም አንለይም፤ ስሙን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ደግሞ አንድ በአንድ እየተለዩን ነው። ለዒድ አገር ቤት ስንወርድ የአንድ ተክል ፎቶ እናንሳ። ስሙንና ጥቅሙን አያቶቻችንን ጠይቀን እንጻፍ፤ ከሥሩም የነገሩንን ሰው ስም እናስፍር። ባሉጋኒም መንገድ መሪዎቹም ያላገኙት ይህንኑ ነው።

ወላሁ አዕለም።