ባለጉዳይ፦ ከደጅ ጥናት እስከ «ሲስተም የለም»

መቼም የአዲስ አበባ ሠራተኛ «እረፍት ወጣሁ» ሲል «ልተኛ ነው» ማለቱ አይደለም። «ጉዳይ ልጨርስ ነው» ማለቱ ነው። ወረዳ የሚታደስ መታወቂያ አለ፤ ውልና ማስረጃ የሚፈረም ውክልና አለ፤ ባንክ የሚስተካከል ስም አለ፤ እግረ መንገድን ደግሞ መርካቶ የሚገዛ የቧንቧ ዕቃ አለ። ጠዋት 2፡30 ሳይሞላ በር ላይ የተገኘ ሰው፣ 11፡30 ላይ ከአራቱ ሁለቱን ጨርሶ ከሆነ ቀኑ ቀንቶታል። ማታ ቤት ሲገባ «ምን ስትሠራ ዋልክ?» ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ «ስሯሯጥ።»

ብዙዎቻችን ይህን መከራ የዘመኑ ቢሮክራሲ ያመጣብን ይመስለናል። ነገሩ ግን ከቢሮው ይቀድማል። ይህቺ ከተማ ገና ስትቆረቆር በደጅ ዙሪያ ነው የተቆረቆረችው። «የሚጠብቅ ሰው ጊዜው ዋጋ የለውም» የሚለው ሐሳብም ከግቢ ወደ ቢሮ የተሻገረው ልብሱን ብቻ ቀይሮ ነው።

እስቲ ከቃላቱ እንጀምር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ ንጉሥ ወይም መኳንንት ከነጭፍራቸው የሚከትሙበት ቦታ ማለት ነበር። «ሰፈር»ም ጦር የሰፈረበት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትመሠረት፣ የከተማዋ አቀማመጥ የጦር ሰፈር አቀማመጥ ነበር። መሐል ላይ ኮረብታው ላይ ግቢው፣ ዙሪያውን ደግሞ እያንዳንዱ መኳንንት ከነአሽከሩና ከነወታደሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ ትዝታ ናቸው። እንግዲህ ጉዳይ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሰፈሩን ጌታ ደጅ፣ ከዚያ የትልቁን ጌታ ደጅ፣ በመጨረሻም የግቢውን ደጅ ይጠናል። «ደጅ ጥናት» የምንለው ይኸው ነው።

ደጅ ጥናት ቀላል ነገር አልነበረም። ሹመት ፈላጊው፣ ርስቱን የተነጠቀው፣ ተፈርዶበት ይግባኝ የሚለው፣ ሁሉም ስንቁን ቋጥሮ ከየአገሩ ይመጣና ወራት ይቀመጣል። የሚያገኘው ፊት እንጂ መልስ ላይሆን ይችላል። በሩ ላይ አጋፋሪ አለ፤ ውስጥ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ አለ። የኋለኛው ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ከልካይ ነው። ባዶ እጅ መቅረብ ነውር ስለሆነ እጅ መንሻ ያስፈልጋል። ጉልበትና ገንዘብ ያለው ጌታ ግን ራሱ አይጠብቅም፤ ነገረ ፈጁን ይልካል።

እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ወደ ዛሬ አምጡና ተመልከቱ። አጋፋሪው በር ላይ «የማን ጉዳይ ነው?» የሚለው ጥበቃ ሆኗል። እጅ መንሻው ስሙን «ለሻይ» ብሏል። ነገረ ፈጁ የድርጅቱ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። እልፍኝ አስከልካዩስ? እሱማ «ሲስተም የለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እንዲያውም የዱሮው እልፍኝ አስከልካይ በዚህ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ፊት ነበረውና ይለመን ነበር።

አጼ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ደጁ ወደ ቢሮ መለወጥ ጀመረ። የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የፍርድ ሚኒስትር አፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ የጽሕፈት ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሆኑ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ሁሉ ጉዳይ ንጉሡ ዘንድ ከሚከማች በየዘርፉ ባለቤት ይኑረው ነው። ሰዎቹ ግን ያው የግቢው ሰዎች ናቸው፤ ሕዝቡም የለመደው ደጅ መጥናትን ነው። ስለዚህ ሚኒስቴሩ አንድ ተጨማሪ ደጅ ሆነ። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ሚኒስቴሩ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉ ተደራጅቶ ሳለ፣ ሰው አሁንም ዙፋን ችሎት ለመድረስ ይጥር ነበር፤ የንጉሡ መኪና ሲያልፍ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «አቤት!» የሚለውም ብዙ ነበር። ለምን ቢባል፣ በመካከል ያሉት ሁሉ አስተላላፊ እንጂ ጨራሽ እንዳልሆኑ ያውቃላ!

ይህ እንግዲህ የመጠበቁ ታሪክ ነው። የመመላለሱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው።

በምኒልክ ጊዜ የከተማው ሰው ጉዳይ ባመዛኙ አራዳ ላይ ያልቅ ነበር። ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ነው። የውጭ ነጋዴዎቹ ሱቆች እዚያው ናቸው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በኋላ ሕንፃውን ያቆመው እዚያው አካባቢ ነው። የሚሸጠውን ሸጦ፣ የሚገዛውን ገዝቶ፣ ጊዮርጊስን ተሳልሞ መመለስ ይቻል ነበር። «አራዳ» የሚለው ቃል ዛሬ ለብልጥ ሰው መጠሪያ የሆነውም በከንቱ አይደለም፤ ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ያገኘ ሰው መንቃቱ አይቀርም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ይህን አንድነት ሰነጠቀው። ፋሺስቶቹ ነጭና ጥቁር በአንድ ገበያ መገበያየቱን አልወደዱትም። አራዳን ለራሳቸው አስቀርተው «ፒያሳ» አሉት፤ ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው «መርካቶ» አሉት። በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ሲባረር የዘር አጥሩ ፈረሰ፤ የገበያው ክፍፍል ግን ቀረ። ወረቀት መሐል ከተማ ይዞ፣ ለዕቃው መርካቶ የሚወርድ ባለጉዳይ ቢያንስ በከፊል የሚሄደው ፋሺስቶች ባሰመሩት መስመር ላይ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ይህ ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን?

ከዚያ ደርግ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን አቋቋመ። በሐሳብ ደረጃ ይህ ደጅ ጥናትን የሚቀብር ነበር። ወደ ጌታ ደጅ መሄድ ቀርቶ ደጁ ራሱ ወደ ሰፈራችን መጣ፤ ያውም በመረጥናቸው ሰዎች የሚመራ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ብዙ ድኻም ከባለቤት ቁጣ ተገላገለ። ይህን አለመመስከር ንፉግነት ነው።

ይሁንና ደጁ ሲቀርብ በዛ። መታወቂያ ከቀበሌ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌ፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ፣ ሰፈር ለመቀየር መሸኛ ከቀበሌ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በነበረው ቀይ ሽብር ደግሞ ቀበሌ ጉዳይ የሚፈጸምበት ብቻ ሳይሆን ሰው ገብቶ የሚቀርበት ደጅ ሆነ። የእኛ ወላጆች ክብ ማህተም ሲያዩ ድምፃቸውን የሚቀንሱት ያለምክንያት አይደለም። ያ ፍርሃት ወደ እኛ ሲወርስ ትሕትና መስሎ ወረሰ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ብትተባበረኝ» እያልን የምንለምነው ደመወዙን በግብራችን የምንከፍለውን ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሞከረው ጥቂት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ በኋላ የቀበሌን ቦታ ወረዳ ያዘ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር መጥቶ የክፍያ ሰልፍን አሳጠረ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ጸደቀ፤ ፋይዳ የምንለው ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት አንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ «መሶብ» የተባለ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በሌላ ቋንቋ፣ የጥንቱን አራዳ በወረቀት ጉዳይ ለመመለስ ነው ሙከራው። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. እንደ ዶሮ ማነቂያ ካሉ የፒያሳ ሰፈሮች የተነሡ ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳር ተሻግረዋል፤ ለእነሱ ወደ መሐል የሚወስደው መንገድ ረዝሟል። ደጅ ይቀርባል፣ ደጅ ይርቃል።

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንደኛ ዓመት አገልግሎት የሚሰጠው የዓመት እረፍት 16 የሥራ ቀናት ነው። አንድ ጉዳይ «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ሦስት ቀን ከወሰደ፣ የዓመቱ እረፍት አንድ አምስተኛ ገደማ ለአንድ ማህተም ሄደ ማለት ነው። ይህ ደግሞ እረፍት ያለው ሰው ሒሳብ ነው። የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት የምትቸረችረዋ እናት፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅ እረፍት የሚባል ነገር የላቸውም። እነሱ ሲሰለፉ የሚከፍሉት የዕለቱን እንጀራ ነው። ባለሀብቱ እንደ ጥንቱ ጌታ ሰው ይልካል። ወረፋ እኩል ያደርገናል የሚባለው እንግዲህ ቀልድ ነው፤ የሚሰለፈው ሌላ መላክ ያልቻለው ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ሺህ ባለጉዳይ አስተናገድን» ሲሉን አናጨብጭብ። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው አንዱ ሰው አራት ጊዜ ተመላልሶ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለብን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ጉዳይ ለመጨረስ ስንት ቀን ከሥራ ቀረ? ደጅ የማስጠናት ሥልጣን ከግቢ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ኮምፒውተር ሲዘዋወር ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። ሲስተሙ ሲመጣ እንኳ የጠፋው ቀን አይመለስም።