በተራ የሚሠራ ሥራ፦ የልጆች ሥነ ምግባር በምን ይታነጻል?

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሲሰጥ የቆየው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት በ11 እሴቶች ላይ የተዋቀረ ነበር። ፍትሕ፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባና የመሳሰሉት ከክፍል ክፍል እየተደጋገሙ ስለሚመጡ ተማሪው በቃሉ ይወጣቸዋል። ይህን ሁሉ ተምሮ ለ12ኛ ክፍል የበቃው ተማሪ ግን የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን በገዛ ትምህርት ቤቱ ተቀምጦ እንዲወስድ አልታመነም። ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡትም 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። ለውጤቱ ማነስ የትምህርት ጥራት ጉድለት ሰፊ ድርሻ ስላለው ሁሉንም በኩረጃ ላይ ማላከክ ተገቢ አይደለም። ፈተናውን ማዛወር ማስፈለጉ ብቻ ግን ሐቀኝነትን በቃል ማጥናትና ሐቀኛ ሆኖ መገኘት ለየቅል መሆናቸውን ያሳያል። ግብረ ገብ በአንደኛ ደረጃ ራሱን ችሎ በተመለሰበት በዚህ ጊዜ፣ ከመጽሐፉ ይዘት ይልቅ ልጁ በትምህርት ቤትና በሰፈር ምን ሥራ እንደሚሰጠው ልንነጋገር ይገባል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 ባሳተሙት ጥናት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ልጆችን ለማጭበርበር፣ ለመዋሸትና ለመስረቅ በሚያመቹ ሁኔታዎች ውስጥ አስገብተው ፈትነዋል። ስለ መልካም ምግባር ያለው ዕውቀት ከምግባሩ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ በአንዱ ቦታ ሐቀኛ የነበረው ልጅ በሌላው ሲያጭበረብር ታየ። ሁኔታውና አብሮት ያለው ቡድን ትልቅ ጉልበት ነበራቸው። የእኛን ኩረጃ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እኛ ዘንድ የሚያስኮርጅ ተማሪ ደግ ይባላል፤ ወረቀቱን የሚሸፍን ግን ስስታም ነው። እንግዲህ ልጁ ደግነት አልጎደለውም፤ ያጣው ደግነቱን የሚያውልበት ሌላ መስክ ነው። መስኩን የሚከፍትለት ሌሎች የሚጠብቁት፣ ቢጓደል ጉድለቱ ወዲያው የሚታይ ሥራ እንጂ ምክር አይደለም።

በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምሳ ተረኞች ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው ምግቡን ወደ ክፍል ያመጣሉ፤ ለጓደኞቻቸውም በጭልፋ እየጨለፉ ያድላሉ። ለፊተኞቹ ያበዛ ተረኛ ለኋለኞቹ ያጥረዋል፤ ማጠሩን ደግሞ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ያያል። ክፍሉንና መተላለፊያውን የሚያጸዱትም ራሳቸው ናቸው። ግብፅ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የግብፅና ጃፓን ትምህርት ቤቶች በሚባሉት ውስጥ አስገብታዋለች። እኛ ዘንድ፣ በተለይ በአዲስ አበባ፣ የተማሪዎች ምገባ ተስፋፍቷል፤ ልጆቹ ግን ተሰልፈው ከመቀበል ያለፈ ድርሻ እምብዛም የላቸውም። የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃና የፀረ ሙስና ክበቦቻችንም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ከሜዳው ይልቅ በዕቅድና በሪፖርት ላይ ይጎላሉ። ሚኒ ሚዲያ ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል። ጠዋት በሰልፍ ላይ ማይክ የያዘች ልጅ ስም ብትሳሳት መላው ግቢ ይሰማታል፤ ስለዚህ ሳትዘጋጅ አትመጣም። እድሩ ድንኳን ሲተክል ወንበር የሚደረድር የሰፈር ልጅም እንደዚሁ ነው፤ እሱ ከለገመ ለቀስተኛው ቆሞ ይቀራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከጥናት የሚመጣ ነው። የአሜሪካ የትምህርት ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት በ84 ትምህርት ቤቶች የተሞከሩ 7 የሥነ ምግባር ግንባታ መርሐ ግብሮችን ገምግሞ፣ በአማካይ ሲታይ የልጆቹን ጠባይ አላሻሻሉም ብሏል። ይህን ውጤት ማድበስበስ አይገባም። ይሁንና ተመራማሪው ጆሴፍ ደርላክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት፣ 213 መርሐ ግብሮችንና ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ባካተተ ትንተና፣ በልጆቹ ጠባይም በትምህርት ውጤታቸውም ላይ መሻሻል አግኝተዋል። የተሻለ ውጤት የታየው ልጆቹ በተግባር እንዲለማመዱ በተደረገባቸውና አፈጻጸማቸው ባልተጓደለ መርሐ ግብሮች ነው። ሁለቱን አስተያይቶ ላነበበ፣ መርሐ ግብር ማስገባት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አገልግሎት ወደ ግዳጅ ያመራል የሚል ሲሆን፣ የራሳችን ታሪክ ያጠናክረዋል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከው ነበር፤ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው ጥለው የወጡት ግን ብዙ ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ምረቃ 75 ሰዓት አገልግሎት የምትጠይቀው የአሜሪካዋ ሜሪላንድም ከዚህ አላመለጠችም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ግዴታው የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተሳትፎ ሲጨምር የ12ኛ ክፍሎችን እንደቀነሰ አሳይቷል። ሰዓት ቆጥሮ ማኅተም መምታት ልጁን ከግዴታው የሚገላገል ያደርገዋል። ከዚህ የከፋው የእኛ ልማድ ነው፦ ያረፈደን ተማሪ በቅጣት ግቢ እያስጠረጉ ሥራ ክቡር ነው ብሎ ማስተማር። መምህሩ ለግል ጉዳዩ ተማሪ መላኩም ከአገልግሎት አይቆጠርም። ሥራው ለጋራ የሚጠቅም፣ ተራው ለርዕሰ መምህሩ ልጅም ሳይቀር የሚደርስ፣ ሲያልቅም ከመምህር ጋር ቁጭ ተብሎ የሚነጋገሩበት መሆን አለበት።

በፈረቃ በሚማሩና ክፍሎቻቸው በተጨናነቁ ትምህርት ቤቶች ይህ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ተረኝነት ግን ተጨማሪ ክፍለ ጊዜም ሆነ መጽሐፍ አይጠይቅም፤ የምገባው ሰልፍ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ፣ የችግኙ ውኃ ዛሬም አሉ። የተማሪው ብዛትም ሥራውን ለመከፋፈል ይረዳል እንጂ አያግድም። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሮች ለጉብኝት ሲወጡ ስንት ክበብ ተቋቋመ የሚለውን ጥያቄ ትተው፣ በዚህ ሳምንት በልጆች እጅ ያለው ሥራ የትኛው ነው፣ ባይሠራስ ማን ይጎዳል ብለው ይጠይቁ።